ጠቅ ያላለው ሞላ

ኬክ ጋጋሪዋ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን የጋራዡ በር ላይ ስታቆም ሰላምታ አላስቀደመችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣችና፣

«ሐሙስ ዕለት የገጠማችሁልኝ ሾክ አብዞርበር ነው ወይስ ከበሮ?» አለች።

ቃሪያ ከአንድ አሮጌ ፒካፕ ሥር በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወጣች። ቃሪያ ስሟ አይደለም፤ ሰፈሩ ግን ዋናውን ስሟን ከረሳው ቆይቷል። ቀጭን ናት፣ አረንጓዴ ቱታ ትለብሳለች፣ የነካት ሰው ደግሞ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤት ጋር ተለያይተዋል፤ ማን ማንን እንዳሰናበተ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

«ምን ይላል እትዬ?»

«መሪ ሳዞር ድንግ ይላል። ጉብታ ሳልፍ ቋ ይላል። ትናንት ሃያ አራት ትንንሽ ኬክ ጭኜ ስታጠፍ ድንግ ሲልብኝ ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ። ክሬሙ እንዳለ ተነሥቶ ክዳኑ ላይ ተለጠፈ። ሰዎቹ ክዳን ሲልሱ ዋሉ!»

ቃሪያ ሳቋን ለመዋጥ ሞከረች፤ ግማሹ በአፍንጫዋ አመለጣት።

«ሳቂ፣ ሳቂ! ዛሬ የሠርግ ኬክ ነው ያለብኝ። ባለ ሦስት ፎቅ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ መገኘት አለበት። ዛሬ ድንግ ካለ ሙሽራዋ ኬኩን ትታ እኔን ነው የምትቆርሰኝ።»

ይህ ሁሉ ሲባል የቃሪያ አባት ጀርባውን ሰጥቷቸው የሥራ ጠረጴዛው ላይ የመፍቻ ቁልፎቹን በጨርቅ ይወለውል ነበር። በአጋጣሚ ዘወር ሲል ሴትዮዋን አያት። ፊቱ ፈካ።

«አህ፣ እመቤቴ! እንዴት አደርሽ? ሾኩ ተስማማሽ?»

ኬክ ጋጋሪዋ ቃሪያን አየቻት። ቃሪያ ጣሪያውን አየች።

የዚህን ሰው ነገር ለማወቅ ቅጽል ስሙን ማወቅ ይበቃል። ሰው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ሌላ መካኒክ መኪና ሲመጣለት ኮፈን ይከፍታል፤ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። አንገቱን ሰበር አድርጎ ጥቂት ያዳምጥና፣ «የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ» ይላል። ሲፈታ የግራ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል። ሌላ ጋራዥ ሦስት ቀን ሲገነጣጥሉት የዋሉትን መኪና እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ደርሶበታል። ቃሪያ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትኮራበት የኖረችው በዚህ ነው። የሌሎች ልጆች አባቶች ቁመት ነበራቸው፣ ጡንቻ ነበራቸው፤ የእሷ አባት ጆሮ ነበረው።

ዘንድሮ ግን ኩራቷ ላይ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። ኩርፊያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ እህት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትልቅ የጸጉር ቤት አላት። ከሁለት ሳምንት በፊት መጣችና፣ «እኔ ጋ ነይ፣ ሙያ ልመጂ፣ እዚያው ታድሪያለሽ» አለቻት። ቃሪያ የጸጉር ቤት ጠልታ አይደለም። ግን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱም ጋራዡም ሁለቱ ብቻ የያዙት ነው፤ አባቷም ያለ እሷ ምሳውን እንኳ የት እንዳስቀመጠ አያውቅም። ስለዚህ ውሳኔውን ለእሱ ተወችው። «አትሂጂ» ቢላት ልትቀር፣ «ሂጂ» ቢላት ልትሄድ። ጥያቄውን ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማመደችው። በጣም እንዳታለቅስ፣ በጣም ደግሞ እንዳትቀልድ።

ሐሙስ ጠዋት የዚህችው የኬክ ጋጋሪ መኪና ሾክ ሲቀየር፣ አባቷ ሾኩን የሚያቅፈው ጥምዝምዝ ሞላ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ከጀርባው ቆመችና ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣

«አባዬ፣ አክስቴ ጋ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልሁንልህ?» አለችው።

ዘወርም አላለ። ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ። ቆየት ብሎ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና፣

«አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብይኝ» አላት።

አቀበለችው። ይኼው ነው መልሱ። ከዚያ በኋላ ከ«እሺ» በቀር ሌላ ቃል ላለመተንፈስ ለራሷ ማለች፤ ማታውኑ ለአክስቷ «እመጣለሁ» ብላ ደውላ ልብሷን በሻንጣ ከተተች። አክስቷ ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ትወስዳታለች።

የሐሙሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ነው። ስትገባ «ደኅና ዋልክ?» ትለዋለች፤ ዝም። ቀልድ ታወራለታለች፤ ዝም። ድሮ እሷ ስታወራ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው አሁን ትክ ብሎ ፊቷን ያያትና ወደ ሥራው ይመለሳል። ከትምህርት ቤት ቀርታ እሱ ጋራዥ መዋሏ አስጠልቶታል ብላ ደመደመች። ምን ታድርግ? እሷም ሰው ናት፣ ሆድ ይብሳታል።

«በይ እንስማው» አለ አባቷ፣ ኬክ ጋጋሪዋ እንደ ገና በእጇ ጭምር ካስረዳችው በኋላ። «እኔ ልንዳ። አንቺ ከፊት። ቃሪያ ከኋላ።»

ሴትዮዋ የኋላ ወንበሩን ለኬክ ብላ በትራስ ሞልታዋለች። ቃሪያ ትራሶቹ መሃል እንደ ተሰባሪ ዕቃ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ያስተማራት እንዲህ ነው፤ ድምፅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ይዘጋል፣ ቀጥሎ አፉን። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይከብዳት ነበር። ዛሬ ግን ኩርፊያዋ አገዛት።

ገና ከበሩ ወጥተው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ፣ ድንግ!

የክራር ወፍራም ጅማት ተስቦ እንደ ተለቀቀ ያለ ድምፅ ነው። ቃሪያ ከእግሯ ሥር ሰማችው። በቀኝ በኩል፣ ከፊት፣ ከላይ ሳይሆን ከታች።

«ይኸው!» አለች ኬክ ጋጋሪዋ።

«ምኑ?» አለ አባቷ።

«ድምፁ ነዋ!»

«የቱ?»

ሴትዮዋ በጣቷ ወደ ታች አመለከተች። ጥቂት ሄደው አንዲት ጉብታ ላይ ወጡ። ቋ! ይህንንስ የሞተ ሰው ይሰማዋል። አባቷ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብሎ ፊቷን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይህቺ ምንም አይደለች። አዲስ ሾክ ነው፣ እስኪለምድ ነው።»

ቃሪያ ዓይኗን ገለጠች። ይህቺን አነጋገር ታውቃታለች። «እስኪለምድ ነው» የሰነፍ መካኒክ ሁሉ የጸሎት መጽሐፍ ናት። አባቷ ይህችን ቃል የሚሉ መካኒኮችን ሲያማ እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን ራሱ አላት። ያውም ፊት ለፊት፣ ያውም ለዚህች ምስኪን ሴት። እፍረቱ ከጆሮዋ ጀምሮ እስከ አንገቷ ወረደ። ከትራሶቹ አንዱን አንሥታ ፊቷን ልትሸፍንበት ምንም አልቀራት።

ወዲያው በሾፌሩ የኋላ ማያ መስታወት ውስጥ የአባቷን ዓይን አየች።

የሚዋሽ ሰው ዓይን አይደለም። የሚዋሽ ሰው ዓይኑን ያሸሻል። የእሱ ግን ከመንገዱ ወደ ሴትዮዋ አፍ፣ ከሴትዮዋ አፍ ወደ መንገዱ ይመላለሳል። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስላል። ቃሪያ አባቷን እንዲህ ሆኖ ያየችው እናቷን ሆስፒታል ያስገቡ ዕለት ብቻ ነው። ነገሩ አልገባትም፤ ግን ንዴቷ በረደ።

ሲመለሱ አባቷ አንድም ቃል ሳይናገር መኪናዋን አቆመ። ኬክ ጋጋሪዋ ወንበር ተሰጥቷት በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቷን ታያለች፣ በየሁለት ደቂቃው በረጅሙ ትተነፍሳለች። አባቷ የእጅ መብራቱን ይዞ በቀኙ ጎማ በኩል ተንበረከከ፤ ይህንን ይነቀንቃል፣ ያንን ይጎትታል። የጎማ ብሎኖቹ ጠብቀዋል። ከላይ ሾኩን የያዙት ሦስቱም ዳዶዎች ጠብቀዋል። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲናም ደኅና ነው። ሰውየው በእጁ እየፈለገ ነው፤ ዓይኑን ግን አንዴም አልጨፈነም።

ቃሪያ ቁልፍ ልታመጣ ወደ ጎሚስታው ጥግ ሄደች። ጎሚስታው ከጋራዡ ጎን ጎማ የሚጠግን ጎረምሳ ነው፤ ሬዲዮ የለውም፣ አያስፈልገውም፣ ራሱ ሬዲዮ ነው።

«ስሚ ቃሪያ፣ አባትሽ ተቀይሞኛል እንዴ?»

«በምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ትናንት በደስታ እየበረርኩ መጥቼ ከኋላው ጮክ ብዬ፣ ጋሼ ሚስቴ ወለደች! ብዬ ብነግረው ምን አለኝ መሰለሽ? ነገ አምጣት፣ አያታለሁ!»

ቃሪያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ልክ ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና፣ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጮ ቆመ።

ቁልፉን ረሳችው። ቀስ ብላ ተመለሰችና ከአባቷ ጀርባ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ኬክ ጋጋሪዋ በስልክ ከአንዲት ሰው ጋር ስለ ክሬም እየተጨቃጨቀች ስለሆነ አላየቻትም።

«አባዬ» አለች።

ዝም።

«አባዬ፣ ሱሪህ ከኋላ ተቀዷል።»

ዝም። መብራቱን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«አባዬ፣ ጋራዡ እየተቃጠለ ነው።»

ብሎን ነቀነቀ።

አራተኛውንም ጠየቀች፤ እንደ ሐሙሱ አድርጋ፣ በዚያው ድምፅ።

«አባዬ፣ ልሂድ?»

ጀርባው አልተነቃነቀም። ያው የሐሙሱ ጀርባ ነው። ሐሙስ ዕለት ግንብ መስሎ የታያት ጀርባ፣ ዛሬ የአንድ የደከመው ሰው ጀርባ ሆኖ ታያት። አልናቃትም። አልጠላትም። ሰውየው አይሰማም፣ በቃ። ዓመት ሙሉ ስታኮርፍ የኖረችው በማን ላይ ነው? ዓመት ሙሉ «ደኅና እደር» ብላ መልስ ስታጣ ትራሷን በቡጢ የመታችው ለምንድን ነው? እዚያው ቆማ እንባዋን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች፤ ፊቷ ላይ የጥቁር ግራሶ ጺም በቀለላት፣ አላወቀችም።

ይህ ሲገባት ሌላም ነገር ገባት፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ባሰ።

አባቷ ሾክ ሲገጥም የራሱ ዘዴ አለው። ሞላው በመጭመቂያ ተጨምቆ ሾኩ ላይ ይጠለቃል። ከዚያ መጭመቂያው ቀስ በቀስ ሲላላ፣ የሞላው የታችኛው ጫፍ ከሥሩ ባለው ሳህን መሰል ብረት ላይ ለእሱ ብቻ የተሠራች ማረፊያ አለችውና እዚያች ውስጥ መግባት አለበት። ሌሎች መካኒኮች ጎንበስ ብለው ያያሉ። እሱ አያይም። ሞላውን በአንድ እጁ እያዟዟረ ያዳምጣል። ጫፉ ማረፊያው ውስጥ ሲወድቅ ጠቅ ይላል። ጠቅ ካለ አለቀ። ሐሙስ ዕለት የግራው ጠቅ ብሏል። የቀኙ አላለም።

ቃሪያ ያኔ ሰምታለች። ማለት፣ አለመሰማቱን ሰምታለች። «አባዬ፣ ጠቅ አላለም እኮ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን መልስ ከተነፈገች ገና አሥር ደቂቃዋ ነው፤ ምላሷን ያዘች። እሱ ያውቃል፣ እሱ ጆሮ ነው፣ ምን አገባኝ አለች። የሃያ አራት ኬክ ክሬም ክዳን ላይ የተለጠፈው በእሱ ጆሮና በእሷ ኩርፊያ ነው።

አሁን ሄዳ «የቀኙ ሞላ አልተቀመጠም» ብትል ነገሩ በአንድ አፍታ ያልቃል። ግን ኬክ ጋጋሪዋ ስልኳን ዘግታለች፣ ጎሚስታውም አንገቱን አስግጎ እያያቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ማታውኑ «ጆሮ ደነቆረ» ሲል ሰማችው፣ ገና ሳይባል። አይሆንም። አባቷን አሳልፋ አትሰጥም።

ዞራ መጣችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች፤ ዓይኑን ፊቷ ላይ እስኪያሳርፍ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልሞክር። እጅህን ሞላው ላይ አድርግልኝ፤ ጣትህን መሃሉ እንዳታስገባ። እኔ መሪ ላዙር።»

ለሁለት ቀን ከ«እሺ» ሌላ ያልተናገረችው ልጅ ይህን ሁሉ ስላወራች ደነቀው መሰል፣ ሳይከራከር እጁን በጎማው በላይ አሾልኮ ሞላውን ያዘ። ቃሪያ ገባችና ሞተሩን አስነሥታ መሪውን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ወደ ግራ። እንደ ገና ወደ ቀኝ። ድንግ!

በመስታወቱ አሻግራ አየችው። እጁን እሳት እንደ ነካው ሰው መንጭቆ አወጣ። ሞላው መዳፉ ውስጥ ተጠምዞ፣ ተጠምዞ፣ ዘሎበታል። እጁን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አየ።

ተነሥቶ ወደ መስኮቷ መጣ።

«ይሄ ሲዘል» አለ በዝግታ፣ «ድምፅ አለው?»

«አለው።»

«ትልቅ?»

ልትዋሽለት ፈለገች። አልቻለችም፤ እሱ ራሱ መዋሸት አላስተማራትም።

«ጎማ ሲፈነዳ ካለው ትንሽ ያንሳል።»

አባቷ አጠገቡ የተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። በዚህ መሃል ጎሚስታው፣ እግዜር ይስጠው፣ የአየር መሙያ ኮምፕረሰሩን አስነሣ። ግቢው በጩኸት ተሞላ። ኬክ ጋጋሪዋ ጆሮዋን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ጋራዡ ውስጥ አሁን ሁሉም ሰው እኩል አይሰማም። ቃሪያ ሌላ ጎማ እያንከባለለች አምጥታ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። አፏን እያየ ያወራት ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«እንጃ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ሰፈሩን ለቀው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ። ሲብስ ጆሮዬ እንደ ሆነ ጠረጠርኩ። ለማን ልናገር? ስሜ ራሱ ጆሮ ነው።» ትንሽ ቆየና፣ «ከዚያ አንቺ ጠፋሽ» አላት።

«እኔ? የት ሄጄ?»

«ዝም አልሽኝ። ድሮ አፍሽ አያርፍም ነበር፤ ጥርስ ስትፋቂ እንኳ ታወሪያለሽ። አንድ ቀን ዝም አልሽ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ለብቻሽ የምታጉረመርሚ መሰለኝ። ከእኔ ጋር ግራሶ ውስጥ መዋሉ መርሯት ነው አልኩ። እህቴንም የለመንኳት እኔ ነኝ። ልጄ እንዳትበላሽብኝ ውሰጂልኝ ብዬ።»

ቃሪያ በግራሶ እጇ የእሱን የግራሶ እጅ ያዘች።

«ወፎቹ ሲጠፉ ኋላ ላይ ጆሮዬ ነው ብያለሁ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከአፏ ሳያነሣ። «አንቺን ግን አላልኩም። ያንቺ ድምፅ ይጠፋብኛል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ሐሙስ ዕለት ከኋላህ ሆኜ ጠይቄሃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ሦስት ቀን የተለማመደችው ድምፅ አሁን የለም። እንደ መጣላት፣ በግራሶ ጺሟ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያኘከች አወጣችው።

«አክስቴ ጋ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልሁንልህ?»

«እዚያ እኮ ንጹሕ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «እጅሽ አይቆሽሽም፣ ወገብሽን አያምሽም፣ እህቴ ደግሞ...»

«አባዬ፣ ስለ ንጽሕና አልጠየቅኩህም።»

ዝም አለ። ይሄኛው ዝምታ ግን የመስማት ችግር የለበትም። እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣

«እዚሁ ሁኚልኝ» አላት።

ቃሪያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ብዙ ጊዜ፣ ሳያስፈልግ። ከዚያ ዕዳዋን ማውረድ ነበረባትና፣

«እኔም ጥፋት አለብኝ። የቀኙ ሞላ ጠቅ አለማለቱን ሐሙስ ሰምቼ ነበር» አለች።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«አኩርፌ።»

አባቷ አያት፣ አያትና ሳቁ ፈነዳ። «በሰው መኪና ላይ ነው የሚኮረፈው? እኔ ላይ ሰሃን አትሰብሪም ነበር?»

«ሰሃኑን የማጥበው እኔ ነኛ!»

ኮምፕረሰሩ ሲቆም ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ኬክ ጋጋሪዋ ብቅ ብላ አየቻቸውና፣ «እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ እነሱ ይዝናናሉ!» አለች። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። ክሪክ ገባ፣ ጎማው ወለቀ፣ ሾኩ ከነሞላው ወረደ። ሞላውን ጨመቁት። ሲያዩትማ ጫፉ ከማረፊያው ሁለት ጣት ያህል ርቆ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ አስተካክሎ ያላላው ጀመር፤ በአንድ እጁ ቁልፉን፣ በሌላው ሞላውን ይዞ። ዓይኑ ግን ከቃሪያ ፊት አልተነሣም። ቃሪያ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን አዘጋጅታ ተቀምጣለች። አንዴ አላላ። ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች፣ ገና ነው። ትንሽ አዞረው። ገና ነው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ኬክ ጋጋሪዋ።

«እትዬ፣ ለሙሽራዋ ሲሉ አንዴ ዝም ይበሉ።»

ጠቅ።

ቃሪያ ጣቷን ቀሰረች። አባቷ ቁልፉን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ በዓይኑ አየ፣ በጥፍሩም ዳሰሰ። ጫፉ ማረፊያው ውስጥ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሦስቱንም ነው» አለችው ፊቱን ይዛ። «የእኔ ጆሮ፣ ያንተ ዓይን፣ ያንተ ጣት። አንዱ ቢያኮርፍ ሁለቱ ይቀራሉ።»

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ኬክ ጋጋሪዋ ራሷ ነዳችው። በሩ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘች። ጉብታዋን አልፋ ተመለሰች። መስኮቱን አውርዳ፣ «ጸጥ!» አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለች ያህል በቀስታ ነው ያለችው። «ለመሆኑ ምን ነበር?»

ቃሪያ ቀድማ፣ «ሞላው ትንሽ...» ማለት ስትጀምር አባቷ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«እመቤቴ፣ ጠዋት እስኪለምድ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ድምፁን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ደክሟል። ሐሙስ ዕለትም ሞላውን አሳስቼ ያስቀመጥኩት በዚሁ ነው። ያገኘችው ልጄ ናት።»

ጎሚስታው የጎማ ካላማዳሪ በእጁ እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ቃሪያ ጠዋቱን ሙሉ የሸፈነችለትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ገለጠው።

ኬክ ጋጋሪዋ አየችው፣ አየችው። «እኔ ደግሞ ዘንድሮ መነጽር ሳላደርግ አንድ ትልቅ ኬክ ላይ ስኳር ነው ብዬ ጨው ነስንሻለሁ» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ጎበዝ ነዎት።» ጊር አስገባችና ወደ ቃሪያ ዘወር ብላ፣ «አንቺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ጺም አብቅለሻል» ብላት ሄደች።

ጎሚስታው ያኔ ነቃ። «ቆይ እንጂ ጋሼ! ሚስቴ መውለዷን አልሰማህም ማለት ነው?»

ቃሪያ ዞራ ለአባቷ ፊት ለፊት ደገመችለት።

«ወለደች?» ብሎ ጮኸ አባቷ። «አንተ! እኔ የሆነች መኪና ያወራኸኝ መስሎኝ!» ሄዶ አቀፈው፤ የጎሚስታው ሸሚዝ ላይ ሁለት የግራሶ መዳፍ ታተመ፣ ማንም አልተቆጨም።

አክስቷ በሰዓቷ፣ አሥር ላይ፣ ሽቶዋ ቀድሟት ገባች። ወንድሟ ልጅቷ እንደማትሄድ ሲነግራት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ አይደለህ እንዴ የለመንከኝ? አልጋ ገዝቼላት! ለምንስ ነው የምትጮኸው?»

«አይሰማም አክስቴ» አለች ቃሪያ። «ዓመት ሆኖታል።»

አክስቷ ወንድሟን አየችው። ቀርባ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ጠማማ አልነበረም።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሐኪም ዘንድ» አለች ፊቱ ላይ እያፈጠጠች፣ ቃሉን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «እኔ ነኝ የምወስድህ። እምቢ ብትል ጸጉርህን እላጭሃለሁ።» ከዚያ ለቃሪያ፣ «አልጋውን እሁድ እሁድ ትተኚበታለሽ፤ ገንዘቤን ሜዳ ላይ አልጥልም» ብላ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች።

ቁልፎቹ ተሰብስበው ሲያልቁ ፀሐይዋ ገና በሩ ላይ ነበረች። አባቷ መዶሻውን በጨርቅ እየወለወለ ከጎማዎቹ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ሌላውን በእግሩ ወደ እሷ ገፋው።

«ነይ» አላት። «ዓመት ሙሉ ያልሽኝን ሁሉ ንገሪኝ። አንድም እንዳታስቀሪ።»

ቃሪያ አሰበች። ከጀርባው ካለችው ውስጥ ግማሹ ስድብ ነው። ከቀረው ግማሽ ደግሞ ሩቡ ቢነገር እራት ያስከለክላል።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ተቀመጠች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ዞር አለች።

«አንደኛ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን ጠዋት፣ አባዬ ሻይ ቀድቼልሃለሁ፣ ና ጠጣ አልኩህ። አልመለስክልኝም። ስለዚህ ጠጣሁልህ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ! እኔ ጎሚስታውን ስንት ወር ጠርጥሬው!»

«ሁለተኛውን ልንገርህ፤ ግን መጀመሪያ ያን መዶሻ ከእጅህ አስቀምጥ።»

አስቀመጠው። እሷም ተጠጋች።